ኢድሪስ፣ ሄኖክ እና ሰባተኛው የሱመር ንጉሥ



የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። በአንድ ቁጭታ ካልሆነላችሁ አስቀምጡትና ቆይታችሁ አንብቡት። ለመጻፍ ያነሳሳኝ የአንድ ልጅ ጥያቄ ነው።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ ምንጣፍ ስናስተካክል አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስልኩን ይዞ ወደኔ መጣ። «ኡስታዝ፣ እስኪ ይቺን ይዩልኝ» አለኝ። አጭር ቪዲዮ ናት። ተናጋሪው የነቢያት ታሪክ በሙሉ ከሱመሮች የሸክላ ሰሌዳ የተገለበጠ ነው ይላል። ሄኖክ የተባለው ሰው በእውነት የኖረ ነቢይ ሳይሆን ኤንመዱራንኪ የሚባል የሱመር ንጉሥ ነው ይላል። ቪዲዮው ሲያልቅ ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ታዲያ ኢድሪስ ማን ናቸው?» አለኝ።

«እንዲህ ያለውን ነገር አትመልከት፣ ኢማንህን ያበላሽብሃል» አልኩት። «እሺ» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከጁሙዓ በቀር መስጂድ አላየሁትም።

ነገሩ ሲከነክነኝ ቆየ። ልጁ የጠየቀኝ ምን ልመልከት ብሎ አይደለም። የጠየቀኝ «ማን ናቸው?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልሱን አላውቀውም ነበር። ደረሳ ሆኜ ፊቅህ ቀርቻለሁ፣ ነሕው ቀርቻለሁ፣ ስለ ሱመር ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። አላዋቂነቴን በቁጣ ሸፈንኩት ማለት ነው። ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

ሱመሮች እነማን ነበሩ?

ሱመሮች በዛሬዋ ኢራቅ ደቡብ፣ በኪታቦቻችን ዲጅላና ፉራት ብለን በምናውቃቸው ሁለት ወንዞች መካከል የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ኡር፣ ኡሩክ፣ ኒፑርና ኤሪዱ ከታወቁት ከተሞቻቸው መካከል ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ዓመት ገደማ ኡሩክ ላይ መጻፍ ጀመሩ። መጀመሪያ የጻፉት ሒሳብ ነው፤ ስንት ገብስ ገባ፣ ስንት በግ ወጣ፣ ለሠራተኛ ስንት ቀለብ ተሰፈረ የሚል። ተረትና መዝሙሩ፣ የነገሥታቱም ዝርዝር በኋላ የመጣ ነው።

አጻጻፋቸው መድረሳ ለቀራ ሰው እንግዳ አይሆንም። እኛ በልጅነታችን በእንጨት ሉሕ ላይ በጥላሸት ቀለም እየጻፍን ቀርተናል። ብዕራችን ሸምበቆ ወይም የተቀረጸ እንጨት ነበር። እነሱም ሸምበቆ ቀርጸው እርጥብ ሸክላ ላይ ይጫኑታል፣ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ምልክት ይወጣል። ይህ ጽሕፈት ኩኒፎርም ይባላል። የኛ ሉሕ ይታጠብና ትምህርቱ በልብ ይቀራል። የነሱ ሸክላ ደርቆ አራት ሺህ ዓመት ይቆያል።

ትምህርት ቤትም ነበራቸው። ስለ አንድ ተማሪ ውሎ የሚተርክ የሱመርኛ ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል። ልጁ አርፍዶ ይመታል፣ በማውራቱ ይመታል፣ ጽሕፈቱ ስላላማረ ይመታል። በመጨረሻ አባቱ መምህሩን ቤት ጠርቶ ያበላቸዋል፣ ያለብሳቸዋል፣ ስጦታም ይሰጣቸዋል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። የራሴን ቁርኣን ቤት ነው ያስታወሰኝ።

ሱመርኛ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2000 ዓመት ገደማ የአፍ መፍቻ ቋንቋነቱ አበቃ። ነገር ግን አልጠፋም። ባቢሎናውያንና አሦራውያን በራሳቸው ቋንቋ እየተናገሩ ሱመርኛን በትምህርት ቤትና በቤተ አምልኮ ለብዙ መቶ ዓመታት አቆዩት። ጎጃም ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም፤ ግዕዝን ማሰብ ይበቃል። በገበያ ማንም አይነጋገርበትም፣ በቅኔ ቤቱ ግን ሕያው ነው። የሱመሮች ስምና ታሪክ እነሱ ካለፉ በኋላ ወደሌሎች ሕዝቦች የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው።

በአንድ ከተማ ያሉ ሁለት ጽሑፎች

ቪዲዮው ያነሳቸው ሁለት ጽሑፎች ዛሬ በእንግሊዝ አገር፣ በኦክስፎርድ ከተማ ይገኛሉ። አንደኛው ከሌላኛው በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። የሚገርመው ደግሞ ሁለቱንም ወደዚያ የወሰዷቸው ሰዎች አገራችንን የረገጡ ተጓዦች መሆናቸው ነው።

የመጀመሪያው በአሽሞሊያን ሙዚየም ያለ፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ባለ አራት ጎን የሸክላ ዓምድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1800 ዓመት ገደማ የተጻፈ የሱመር ነገሥታት ዝርዝር ነው። ዓምዱ የሚጠራው በኸርበርት ዌልድ ብሉንዴል ስም ነው። ይህ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1898 እና በ1899 ኢትዮጵያን ያቋረጠ ተጓዥ ነው። በ1922 ደግሞ ከ1769 እስከ 1840 ያለውን የነገሥታቶቻችንን ዜና መዋዕል ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳትሟል። የሱመሩ ዓምድ ንባብ ለዓለም የታተመው በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1923 ነው።

ዓምዱ ምን ይላል? ንግሥና ከሰማይ ወርዶ ኤሪዱ ላይ እንደተጀመረ፣ ከጥፋት ውኃ በፊት በአምስት ከተሞች ስምንት ነገሥታት በድምሩ 241,200 ዓመት እንደገዙ፣ ከዚያም የጥፋት ውኃ መጥቶ ሁሉን እንደጠረገ ይተርካል። በዝርዝሩ ሰባተኛው የሲፓር ከተማ ንጉሥ ኤንመዱራና ነው። በሌሎች ጽሑፎች ኤንመዱራንኪ ይባላል። የነገሠው 21,000 ዓመት ነው ተብሎ ተጽፏል። ሲፓር የፀሐይ ጣዖት ዋና የአምልኮ ከተማ ነበረች።

ስለዚህ ንጉሥ ሌላም ጽሑፍ አለ። እሱ የተገኘው የዩኑስ (ዐ.ሰ) ሕዝብ ከተማ ናት በምትባለው በነነዌ ነው፣ የተጻፈውም በሱመርኛ ሳይሆን በባቢሎናውያን ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ላምበርት የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር አሳትሞታል። በዚህ ጽሑፍ መሠረት የፀሐይና የዝናብ ጣዖታት ኤንመዱራንኪን ወደ ጉባኤያቸው አስገቡት፣ በወርቅ ዙፋን አስቀመጡት፣ ዘይት በውኃ ላይ ጠብ አድርጎ ማሟረትን አሳዩት፣ የሰማይና የምድር ምስጢር ያለበትን ሰሌዳ ሰጡት። እሱም ለኒፑር፣ ለሲፓርና ለባቢሎን ሰዎች አስተማረ።

ሁለተኛው ጽሑፍ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ያለው የግዕዝ መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ይህ ወደ ሰፈራችን ይመልሰናል። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በስተሰሜን ሰከላ ላይ ግሽ ዓባይ አለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ጄምስ ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ከጎንደር ተነስቶ ግሽ ዓባይ ደረሰ። የዓባይን ምንጭ ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ብሎ ተደሰተ፤ ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 ቀድሞት ነበር። ብሩስ ከኢትዮጵያ ሲመለስ ከያዛቸው ብራናዎች መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። አንዱን በ1773 ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ። ሪቻርድ ሎረንስ የተባለ የኦክስፎርድ የዕብራይስጥ መምህር በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው።

አውሮፓውያን ይህን መጽሐፍ ያወቁት ከሌሎች መጻሕፍት ውስጥ በተቀነጫጨበ መልኩ ብቻ ነበር። ሙሉው ጠፍቷል ብለው ነበር። እዚህ ግን በብራና ላይ እየተገለበጠ ይነበብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 በሙት ባሕር አጠገብ፣ በቁምራን ዋሻ፣ የመጽሐፉ ጥንታዊ ቁርጥራጮች በአረማይክ ተጽፈው ተገኙ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ የአይሁድ መጽሐፍ እንደሆነ ያኔ ተረጋገጠ። ሙሉው ግን ዛሬም ያለው በግዕዝ ብቻ ነው።

ከመርጌታው ጋር ጣት ስንቆጥር

ቡሬ ዘመድ ልጠይቅ በሄድኩበት ጊዜ አንድ የዘመዴ ጎረቤት የሆኑ ሽማግሌ መርጌታ ስለ ሄኖክ ያውቃሉ ተባልኩና ሄድኩ። በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። «የኔታ፣ ስለ ሄኖክ ልጠይቅዎ ነበር» አልኳቸው። «ሄኖክን ለምን ፈለግኸው ልጄ?» አሉኝ። የልጁንና የቪዲዮውን ነገር ነገርኳቸው። ሳቁና «የኛዎቹም ልጆች ያንኑ ስልክ ይዘው ይመጡብኛል» አሉኝ።

ከዚያ ጣታቸውን አውጥተው ቆጠሩልኝ። አዳም፣ ሴት፣ ሄኖስ፣ ቃይናን፣ መላልኤል፣ ያሬድ፣ ሄኖክ። ሰባተኛ። እኔም በተራዬ ከኢብን ሂሻም ሲራ መጀመሪያ ላይ ያለውን የዘር ሐረግ ቆጠርኩላቸው። ኣደም፣ ሺስ፣ አኑሽ፣ ቀይናን፣ መህላኢል፣ ያርድ፣ አኽኑኽ። የሁለታችንም ቆጠራ ሰባተኛው ጣት ላይ ቆመ። ሲራው አኽኑኽ ማለት ነቢዩ ኢድሪስ እንደሆኑ ሲያወሳ «እንደሚሉት» በሚል ጥንቃቄ ነው። ይህን ጥንቃቄ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በኦሪት ዘፍጥረት ስለ ሄኖክ የተጻፈው ጥቂት ነው። 365 ዓመት ኖረ፣ ከአምላክ ጋር አካሄዱን አደረገ፣ አምላክም ስለወሰደው አልተገኘም ይላል። መጽሐፈ ሄኖክ ይህን አጭር ታሪክ ያሰፋዋል፤ ሰማይ ወጣ፣ የከዋክብትን አካሄድ ተማረ፣ የሰማይን ሰሌዳዎች አነበበ፣ ለልጁ ለማቱሳላ አስተማረ ይላል።

አሁን ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው። ሁለቱም ከጥፋት ውኃ በፊት ናቸው። ሁለቱም ሰባተኛ ናቸው። ሁለቱም ሰማይ ገብተው ምስጢር ይማራሉ፣ ወርደው ያስተምራሉ። አንዱ የፀሐይ ጣዖት ከተማ ንጉሥ ነው፣ የሌላው ዕድሜ ደግሞ የፀሐይ ዓመት ቀናት ቁጥር ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ይህ ሁሉ በአጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል። ብዙ የዘርፉ ምሁራንም ግንኙነት አለ ይላሉ። ቪዲዮው እዚህ ላይ አልዋሸም።

እንዴት ተገናኙ?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 እና በ586 ዓመት ገደማ የባቢሎኑ ንጉሥ ናቡከደነፆር (ቡኽተነስር የምንለው) የኢየሩሳሌምን ሰዎች ማርኮ ወደ ባቢሎን ወሰደ። ከምርኮኞቹ አንዱ ነቢዩ ሕዝቅኤል ነበር። በመጽሐፉ መግቢያ ራእይ ያየው በኮቦር ወንዝ አጠገብ እንደሆነ ይናገራል። ይህ ውኃ በጥንታዊቷ የሱመሮች ከተማ በኒፑር አካባቢ የነበረ ቦይ ነው። ኒፑር ላይ በተገኙ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት በተጻፉ የንግድ ሰነዶች ላይ የአይሁድ ስሞች ይገኛሉ። መሬት ይከራያሉ፣ ግብር ይከፍላሉ፣ ምስክር ሆነው ይፈርማሉ። እንግዲህ የዕብራውያን ልጆች የባቢሎንን የሰማይ ታሪክ ለመስማት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። ጎረቤታቸው ነበር።

አንድ ማስረጃ ልጨምር፤ ይህኛውን እናንተም በራሳችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። የመስጂድ ሥራ የሠራ ሰው የፀሐይን መውጫና መግቢያ ሰዓት ያውቃል። በኛ አገር የክረምቱ ረጅም ቀንና የበጋው አጭር ቀን ያላቸው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 72 ላይ ግን ቀኑና ሌሊቱ በ18 ክፍል ይከፈላሉ፤ በረጅሙ ቀን ጊዜ ብርሃኑ 12፣ ጨለማው 6 እጅ ይሆናል። ቀኑ የሌሊቱ እጥፍ ነው ማለት ነው። ይህ በጎጃም አይሆንም። በኢየሩሳሌምም አይሆንም፣ እዚያ ረጅሙ ቀን 14 ሰዓት ገደማ ነው። ነገር ግን ይኸው አንድ ለሁለት የሚል ስሌት በጥንት የባቢሎን የከዋክብት ሰሌዳዎች ላይ አለ። ለባቢሎን ሰማይም ቢሆን ልክ አይደለም፣ በትምህርት ቤታቸው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ስሌት ነው። የሄኖክ ጸሐፊ ይህን ያገኘው ሰማይ አይቶ ሳይሆን ከዚያ ትምህርት ነው።

ስለዚህ «ምንም ግንኙነት የለም» ብለን ብንሟገት እንሸነፋለን። መሸነፍም ይገባናል።

መመሳሰሉን ካየን ልዩነቱን እንይ

ቪዲዮው የዘለለው ይህን ነው። የነነዌው ጽሑፍ ለምን ተጻፈ? ሟርተኞች ሥራቸው ከጥንታዊ ንጉሥ የመጣ ክቡር ሥራ መሆኑን ለማሳየት ነው። እዚያው ላይ ሟርተኛ የሚሆን ሰው ዘሩ የጠራ፣ አካሉ ነውር የሌለበት መሆን አለበት ይላል። ምስጢሩ የዘር ርስት ነው። የሚጠበቀውም በወርቅ ዙፋን አጠገብ ነው።

መጽሐፈ ሄኖክን ስንከፍት ደግሞ ሄኖክ ንጉሥ አይደለም። ዙፋን የለውም፣ የጽድቅ ጸሐፊ ነው። ሟርትና የከዋክብት ጥንቆላ በመጽሐፉ ውስጥ ክብር ሳይሆን ምድርን ያበላሸ ጥፋት ነው። በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ወዮታው የሚወርደው በግፈኛ ሀብታሞች ላይ ነው፤ በሌላው ሰው ድካም ቤት በሚሠሩ፣ በሐሰት ሚዛን በሚሰፍሩ ላይ። የሹዐይብን (ዐ.ሰ) ታሪክ በቁርኣን የምታነቡ ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ሱመሮቹ ስለ ሰባተኛው ሰው 21,000 ዓመት ነገሠ አሉ። ዕብራውያኑ 365 ዓመት ኖረ፣ ከአምላኩ ጋር ሄደ አሉ። መንግሥቱን በሙሉ አስወጥተው አካሄዱን ብቻ አስቀሩ።

የኢሳይያስ መጽሐፍ ምዕራፍ 47ም እንዲሁ ነው። ባቢሎንን፣ እነዚያ ከዋክብት ቆጣሪዎችሽ ከመጣብሽ ነገር ያድኑሽ እንደሆነ እናያለን እያለ ይሳለቅባታል። ባቢሎንን የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚናገር። ከጌቶቹ ቤት ያለውን ነገር አይቷል፣ ሰምቷል፣ ከዚያ መልስ ሰጥቷል።

ስለዚህ የኔ ድምዳሜ ይህ ነው፦ ሁለት ጽሑፎች ስለተመሳሰሉ ብቻ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው አይባልም። አንዳንዴ አንዱ ለሌላው የተሰጠ መልስ ነው። የገበያ ጠላትህ ስለ አባትህ ያወራውን ወሬ ስታስተባብል የወሬውን ስምና ቦታ መልሰህ መጥራትህ አይቀርም። አንተን የሚሰማ ሰው ግን «ወሬውን ቀዳው» አይልህም።

ታዲያ ኢድሪስ ማን ናቸው?

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ።

ቁርኣን ኢድሪስን (ዐ.ሰ) በሁለት ቦታ ያነሳቸዋል። ሱረቱ መርየም አንቀጽ 56 እና 57 ላይ እጅግ እውነተኛና ነቢይ እንደነበሩ፣ አላህም ወደ ከፍተኛ ስፍራ እንዳነሳቸው ይነግረናል። ሱረቱል አንቢያ አንቀጽ 85 ላይ ከኢስማዒልና ከዙልኪፍል ጋር ከታጋሾቹ ይቆጥራቸዋል። ከዚህ ውጭ የለም። ሰባተኛ ናቸው አይልም፣ 365 ዓመት አይልም፣ ስለ ሰማይ ሰሌዳም አያወሳም። እውነተኝነት፣ ነቢይነት፣ ትዕግሥት፣ ከፍታ። አራት ነገር።

አኽኑኽ ናቸው፣ በብዕር የጻፉ የመጀመሪያው ሰው ናቸው የሚለውን የምናገኘው ከታሪክና ከተፍሲር ሊቃውንት ነው። ብዙዎቹ ተቀብለውታል። ሲራው «እንደሚሉት» ብሎ መጠንቀቁን አስታውሱ። ኢብን ከሢርም ኢድሪስ ወደ ሰማይ ስለ ወጡበት ሁኔታ ከከዕብ አል-አሕባር የተወራውን ረጅም ታሪክ ካቀረቡ በኋላ ከእስራኢሊያት እንደሆነና ውስጡ የማይዋጥ ነገር እንዳለበት ተናግረዋል። ሊቃውንቶቻችን ቪዲዮ ሳይመጣ በፊት፣ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቀድመው፣ የወሬን ምንጭ እየለዩ ይጽፉ ነበር።

መንገዱንም አስቀምጠውልናል። ከመጽሐፍ ሰዎች የመጣ ወሬ ሦስት ዓይነት ነው። ከኛ ጋር የሚስማማውን እንቀበላለን። የሚጋጨውን አንቀበልም። ዝም የተባለበትን አናረጋግጥም፣ አናስተባብልምም። በዚህ ሚዛን መጽሐፈ ሄኖክን እንየው። በግፈኞች ላይ ያለው ወዮታ ከምናውቀው ጋር ይስማማል። መላእክት አምፀው ወርደው ሴቶችን አገቡ የሚለው፣ መላእክት አላህን እንደማያምፁ ከሱረቱ ተሕሪም ከተማርነው ጋር ይጋጫል። ሰባተኛ ትውልድ መሆንና 365 ዓመት ደግሞ ዝም የተባለበት ነው። ኢማናችን በዚህ ቁጥር ላይ አልቆመም፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከየትም ቢመጣ አይናወጥም።

ሱመሮችስ? ቁርኣን አስጠንቃቂ ያልመጣለት ሕዝብ እንደሌለ፣ ታሪካቸው ያልተነገረን መልክተኞችም እንዳሉ ይነግረናል። ምናልባት ከጥፋት ውኃ በፊት የነበረ የአንድ ደግ ሰው ትዝታ በነገሥታት እጅ ገብቶ፣ ዘውድ ተጭኖበትና ጣዖት ተጨምሮበት ይሆናል። ይህ ግን የኔ እምነትና ግምት ነው። የሸክላው ሰሌዳ ይህን አይነግረኝም፣ ይነግረኛል ብዬም አልዋሽባችሁም። ሰሌዳው የሚነግረን የጸሐፊዎቹን ሐሳብ ነው። ጸሐፊው ቀድሞ መጻፉ እውነቱን ብቻውን ያዘ ማለት አይደለም።

ቪዲዮ ስታዩ ሦስት ጥያቄ

ከሰማይ የመጡ «አኑናኪ» የሚባሉ ፍጡራን ሰውን ሠሩ የሚለውንም ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ይህን ያስፋፋው ዘካሪያ ሲቺን የተባለ ጸሐፊ ነው፣ የመጀመሪያ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በሱመር ጽሑፎች አኑናኪ የጣዖታት ጉባኤ ስም ነው። ከሌላ ፕላኔት መጡ የሚል የሱመር ሰሌዳ የለም። ኩኒፎርም የሚያነቡ ምሁራን የሲቺንን ንባብ አልተቀበሉትም።

ስለዚህ ቪዲዮ ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦

1. ጽሑፉ የተጻፈው መቼና በምን ቋንቋ ነው? የኤንመዱራንኪ ሰማይ መግባት «የሱመር ሰሌዳ» ነው ተባለ፤ ያለን ጽሑፍ ግን የባቢሎናውያን ነው፣ ከዝርዝሩ ዓምድ በብዙ መቶ ዓመታት ያነሰ ነው።

2. ማን አቆየው፣ ለምን ዓላማ? የሟርተኛ ማኅበር መታወቂያ እና የግፉዓን አቤቱታ ስማቸው ቢገናኝም ዓላማቸው አይገናኝም።

3. ልዩነቱስ ተነግሯል? መመሳሰሉን ብቻ የሚያሳይ ሰው ግማሹን ገጽ በእጁ ሸፍኖ የሚያስነብብ ነው።

መጨረሻው

ልጁን አባቱ ሱቅ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። «የዚያን ቀን ለጠየቅኸኝ አልመለስኩልህም፣ አውፍ በለኝ» አልኩት። አፈረ። ከጆንያዎቹ ላይ ተቀምጠን ይህን ሁሉ ነገርኩት። ደንበኛ ሲመጣ እያቋረጥን፣ ሲሄድ እየቀጠልን። በመጨረሻ «እሺ ኡስታዝ፣ ነገ ሌላ ሰሌዳ ቢገኝስ?» አለኝ።

«እናነበዋለን» አልኩት።

አሁን አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ጥያቄውን ግን ይዞ የሚመጣው ወደ መስጂድ ነው። እኔም ሳላውቅ ስቀር «አላውቅም፣ ቆይ ልይልህ» ማለት ለምጃለሁ።

እኛ ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዴስክ ላይ፣ ኢድሪስ የሚባል ልጅና ሄኖክ የሚባል ልጅ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ማንም አይገረምም። ብዙ ሊቃውንት እንዳሉት ከሆነ ስማቸው የአንድ ሰው ስም ነው። የአንዱ አያቶች የኢድሪስን እውነተኝነትና ትዕግሥት በሉሕ ላይ አስቀርተውታል። የሌላው አያቶች ዓለም የጣለውን መጽሐፍ በብራና ላይ አቆይተዋል። ሁለቱም ልጆች ያንኑ ቪዲዮ አይተው ይሆናል። ቢያንስ በዚህ ጉዳይ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ እያንቋሸሸ ሳይሆን አብረው ጣት እየቆጠሩ ቢነጋገሩ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ያወቅሁትን እመልሳለሁ፣ ያላወቅሁትን አብረን እንፈልጋለን። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይጨምርልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።